ዐብላ በአዳራሹ በር ላይ

ኅዳር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ በእረፍት ሰዓት የአማርኛ መምህራችን መምህር ጌታቸው አስጠሩኝ። «ባሕሩዲን፣ የእህትህ ስም ዐብላ ነበር አይደል?» አሉኝ።

ስሟን ከሰው አፍ ከሰማሁት ቆይቷል። ጥቅምት ውስጥ ከቀበርናት ወዲህ እቤት ማንም አይጠራውም። አባቴ «ያቺ ልጅ» ይላሉ። እናቴ ጭራሽ ምንም አትልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐብላን ያከማት ፈረንጅ ሐኪም በልጆች ላይ የሚወጣውን ነቀርሳ ያጠናል። ለምን ከመንጋጋ እንደሚጀምር፣ ለምን አንዱን ልጅ ይዞ ሌላውን እንደሚተው እስካሁን የሚያውቅ የለም። ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ማኅበር ባሕር ማዶ አለ፤ ግን ከተማችንም የበኩሏን ታዋጣ ብሏል። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቁሞ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አንድ ምሽት ሊያዘጋጅ ነው። መጀመሪያ ቴአትር፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ንግግር። ንግግሩ የእኔ ነው።

«አንተ ወንድሟ ነህ። ጽሑፍህም ጥሩ ነው። ሰው ከአንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል» አሉኝ።

አስብበታለሁ አልኳቸው። አላሰብኩበትም። ስሟን ሲጠሩት ነው እሺ ያልኩት።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው እቤታችን አማርኛ የሚያነብ ስለሌለ ነው። እኛ በቤት የምንናገረው የራሳችንን የሐረሪ ቋንቋ ነው። አባቴ ጨርቅ ሲሸጡ አማርኛ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። እናቴ መናገሩንም አትችልም። ስለዚህ ደብተሩን የትም ባስቀምጠው ግድ የለኝም።

ኅዳር 11

የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ። ሰብሳቢዋ የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ከሆስፒታሉ ሲስተር ዘነበች መጥተዋል። ዐብላ ተኝታ ሳለች ሌሊት ሌሊት ውሃ የሚያጠጧት እሳቸው ነበሩ።

ስለ ዐብላ ብዙ አወሩ። ስንት ዓመቷ ነበር? ስምንት። ሕመሙ በምን ጀመረ? በጥርስ። ጥርስ መስሎን ነቃይ ዘንድ ወሰድናት፤ ሁለት ደህና ጥርስ ነቀለላት። ምን ትወድ ነበር?

እስከዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሸዋ በር ገበያ ላይ የሽንኩርት ነጋዴዎቹን አጠራር እየቀዳች ትጮህ እንደነበር፣ አንድ ቀን እውነተኛ ገዢ መጥቶ «በስንት ነው?» ሲላት ዋጋ ተከራክራ እንደሸጠችለት፣ ባለሽንኩርቷም ከሳቋ የተነሣ መቆጣት እንዳቃታት ነገርኳቸው። ሁሉም ሳቁ። ወይዘሮ አስቴር እንባ እስኪያቀርሩ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ይህችን ግን ንግግርህ ውስጥ እንዳታስገባት የኔ ልጅ። ሰው ከሳቀ ኪሱን አይፈታም» አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ኅዳር 19

ፎቶግራፎቹን አመጡ። ሁለት ናቸው። ሐኪሙ ለጥናቱ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጉንጭ ያነሣል፤ የታመመውን ከጤነኛው ጋር ለማስተያየት ነው ተባልኩ። ዐብላ ከዚህ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም።

የቀኙ ያበጠው ነው። ስለሱ አልጽፍም።

የግራው ዐብላ ናት። ከታመመች በኋላ የመጀመሪያ ፊቷ ጠፍቶኝ ነበር። ላስታውስ ስሞክር የሚመጣብኝ እብጠቱና እናቴ ሁልጊዜ የምታስርላት አረንጓዴ ሻርፕ ነው። እናቴ የሰው ዓይን ፈርታ ለማንም አታሳያትም ነበር፤ ለእኔም። እና ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ጆሮዋ ሥር ያለችው ጠባሳ እንኳ ሳትቀር።

ወይዘሮ አስቴር የግራውን አንሥተው አዩና፣ «ይቺ እኮ ደህና ልጅ ናት፤ አታሳዝንም» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። «ያበጠው ይሻላል። አሳድገን በር ላይ እናቆመዋለን።»

ሲስተር ዘነበች ወደ እኔ አዩ። «ቤተሰቡ ይፈቅዳል?» አሉ።

«አባቴን እጠይቃለሁ» አልኩ። እናቴን አላልኩም።

ኅዳር 21

አባቴን ሱቅ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጨርቅ እየለኩ ነበር። መለኪያውን ይዘው ቆዩ።

«ለሌላ ሰው ልጅ ይጠቅማል?»

«ዛሬ ሳይሆን ወደፊት ይጠቅማል ይላሉ። ሕመሙን ካወቁት በኋላ።»

«የሚጠቅም ዕውቀት ሰደቃ ነው። ሰውየው ከሞተም በኋላ አይቋረጥም» አሉ። ከዚያ ጨርቁን እንደገና ከመጀመሪያው መለኩት። «እናትህ ግን አትስማ።»

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ሊያመጡ ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ከጥቅምት ወዲህ ድሬዳዋ ብዙ ዕቃ አለ።

ኅዳር 27

ሆስፒታል ሄጄ የግራውን ፎቶግራፍ ለአንድ ሳምንት እንዲያውሱኝ ሲስተር ዘነበችን ለመንኳቸው። ከምርመራ ወረቀቷ ጋር ባለፈው ሰኞ በፖስታ መሄዱን ነገሩኝ። የጥናቱ ሰዎች ጤነኛውን ጉንጭ አጥብቀው ይፈልጉታል አሉ። የቀኙን ፊልም ፎቶ አንሺው ስለያዘው እሱ እዚህ ቀርቷል።

እንግዲህ ደህናው ፊቷ ባሕር ተሻገረ። ሐረር የቀረው ሌላው ነው።

ስወጣ በዐብላ አልጋ ላይ አንድ ልጅ ተኝቶ አየሁ። ከገጠር የመጣ ነው፣ ዓሊዪ ይባላል። ገና ትንሽ ነው እብጠቱ፤ ከረሜላ የጎረሰ ይመስላል። በኦሮምኛ፣ «እዚህ የነበረችው እህትህ ናት አሉ። ዳነች?» አለኝ።

«ቤቷ ሄደች» አልኩት።

«እኔም ልሄድ ነው» አለኝ።

ታኅሣሥ 3

ኮሚቴ። ቀኑን ታኅሣሥ መጨረሻ ሊያደርጉት ነበር። ያን ጊዜ ረመዳን ነው አልኩ። ወይዘሮ አስቴር፣ «ታዲያ ጥሩ አይደል? የመስተንግዶ ወጪ የለብንም» አሉ። ቀልዳቸውን ነው። ከዒድ በኋላ ጥር 21 ሆነ።

የንግግሬን መጀመሪያ አነበብኩላቸው። «ዐብላ ዐብዱራሕማን እህቴ ነበረች» ብሎ ይጀምራል። መምህር ጌታቸው በየአንቀጹ ስሟን እንድደግመው መከሩኝ። «ስም የሌለው ልጅ የማንም አይደለም» አሉ። ስለዚህ በየአንቀጹ አለች።

ታኅሣሥ 9

ፈተና። ሒሳብ አልሆነልኝም።

ወርቁ ክፍል ውስጥ፣ «አንተ፣ በእህትህ የከተማው ዝነኛ ልትሆን ነው አሉ! ፊርማህን ካሁኑ ስጠን እንጂ» አለ። ወርቁ የሃምሳ አለቃ ልጅ ነው፣ ማንንም ሳይነካ አይውልም። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ለምን ሳቅሁ?

ታኅሣሥ 16

ረመዳን ገባ። አባቴ ድሬዳዋ ናቸው። ከንጋት በፊት ለስሑር ምግብ የምንነሣው እናቴና እኔ ብቻ ነን። አምና ዐብላ ግማሽ ቀን ጾማ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረች «ጾመኛ ነኝ፣ አታናግሩኝ» ትል ነበር። ይህን ለእናቴ ላነሣላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ጨው አቀብይኝ» አልኳት።

ታኅሣሥ 23

ንግግሩን በቃሌ ለመያዝ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ መንገድ ወጥቼ ነበር የምለማመደው። እዚያ የሚሰማኝ የለም። ዛሬ ግን ነፋሱ ብርድ ስለሆነ ተመልሼ ከላይ ካለው ክፍላችን ገባሁ። እናቴ ታች ለማፍጠሪያው ሾርባ እህል ትወቅጣለች። የሙቀጫው ድምፅ ስላለ አትሰማኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ዐብላ ዐብዱራሕማን እህቴ ነበረች» ስል ሙቀጫው ቆመ። ደክሟት ይሆናል። ዝም ስል እንደገና ጀመረች። ሁለተኛውን አንቀጽ ስጀምርም ቆመ። ጾም ነው፤ በቀላሉ ትደክማለች። ብትሰማም አማርኛ አታውቅም።

ታኅሣሥ 30

ዓሊዪን ለማየት ሄጄ ነበር። እብጠቱ ዓይኑ ሥር ደርሷል። አላናገረኝም። አባቱ ከአልጋው ሥር ተቀምጠው ሙዝ ይልጣሉ። ሐኪሙን፣ «ገንዘቡ ከመጣ ለእሱ ይደርሳል?» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ምናልባት ከእሱ በኋላ ለሚመጣው» አለኝ። ሌላ ቢለኝ በወደድኩ።

ስለዚህ ምሽቱ መደረግ አለበት። ፊቷም በር ላይ መቆም አለበት። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ።

ጥር 8

ለበሩ የሚያሳድገውን ሥዕል ፎቶ አንሺው ጨርሷል ተባለ። አልሄድኩም።

ጥር 11

የጥምቀት ዕለት ትምህርት የለም። ከሸዋ በር ውጪ ሕዝቡ ታቦት አጅቦ ሲያልፍ ከከተማው ግንብ ሥር ቆሜ አየሁ። ወርቁ ከዘማሪዎቹ መካከል አይቶኝ እጁን አወዛወዘ። የሚያወዛውዘው ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ጥር 15፣ ዒድ

አባቴ ለዒድ መጡ። ከሰዓት በኋላ የእናቴ አፎቻ ሴቶች ሊጠይቁን መጡ። አፎቻ ለሠርግም ለለቅሶም የሚረዳዳ ማኅበራችን ነው፤ ለለቅሶ ያልመጣች አባል ስሟ ክፉኛ ይነሣል። ዋናዋ እመት መስቱራ ናቸው። ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ እኔ ላይ ወረዱብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችሁ ለሟች ሊቀመጡ ነው አሉ። የልጅ ልጄ ነገረኝ። እኛን ሳትጠሩ?»

ደነገጥኩ። «ተዕዚያ፣ የለቅሶ መቀመጥ አይደለም። ቴአትር ነው እመት። ለሕመሙ ጥናት መዋጮ ነው።»

«ሰው ይሰበሰባል?»

«ይሰበሰባል።»

«ስለ እሷ ይነገራል?»

«ይነገራል፣ ግን...»

«ታዲያ ተዕዚያ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«መግቢያው በትኬት ነው» አልኩ፣ ይህ ያስቀራቸው መስሎኝ።

«ትኬት!» ብለው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ዘንድሮ ለቅሶም በትኬት ሆነ። ይሁን፣ የአገሩ ሰው እንዲህ ከሆነ ወጉ እንቀበላለን።»

አባቴ ሳላቸው። እናቴ ሳህኖቹን እየደረደረች ነበር። ቀና አላለችም።

ጥር 18

አባቴን፣ «እናቴ እንዳትመጣ ይንገሯት» አልኳቸው። «ምን ብዬ?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ምን ብለው?

መምህር ጌታቸውን ሥዕሉ በር ላይ ባይቆም ምናለ አልኳቸው። ወይዘሮ አስቴር ከወሰኑ ወሰኑ ነው፣ ደግሞም የሐኪሙን ወረቀት ማን ያነባል፣ ሰው የሚያየው ሥዕሉን ነው አሉ። ልክ ናቸው። ዓሊዪ ትናንት ሞተ። ልክ ናቸው።

ጥር 21፣ ቅዳሜ ማታ

ሁሉንም ልጽፈው። እንቅልፍ የለም።

ሥዕሉን ከበሩ ጎን በሰሌዳ ማቆሚያ ላይ አቆሙት። ደረቴ ይደርሳል። ከሥሩ የመዋጮው ሣጥን አለ። መኮንኖች ከነሚስቶቻቸው፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች መጡ። ያያሉ፣ «ውይ፣ ምስኪን» ወይም «ወይ ጉድ» ይላሉ፣ ፊታቸውን መለስ አድርገው ሣጥኑ ውስጥ ይከታሉ፣ ይገባሉ። ወይዘሮ አስቴር ያሉት ሆነ። ዐብላን ሁለት ጊዜ አይቶ የገባ የለም።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። እመት መስቱራ ከፊት፣ ከኋላቸው አፎቻው በሙሉ፣ ለለቅሶ እንደሚለብሱት ለብሰው። ትኬት የሚቆርጠው ወርቁ ነበር።

«እማማ፣ ትኬት?»

«ልጄ፣ እኛ ልንስቅ አልመጣንም። ልንቀመጥ ነው።»

ወርቁ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ወርቁ ሥዕሉን አየ፣ እንደገና እኔን አየ፣ ከዚያ ከመንገዱ ዞር ብሎ፣ «ይግቡ እማማ፣ ይግቡ» አላቸው። አንድ ቀልድ እንኳ አልወጣውም።

እናቴ ከሁሉም በኋላ ነበረች። ፈጥኜ ከሥዕሉ ፊት ቆምኩ። በእጇ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ወደ ጎን አደረገችኝ፣ በቀስታ፣ በር ላይ የቆመን ሰው እንደሚያልፉ። ቆማ አየችው። እንደ ሌሎቹ ፊቷን አልመለሰችም።

«የማን ልጅ ናት?» አለችኝ በቋንቋችን።

«አላውቅም» አልኳት።

አሁን እኔን አየችኝ። ሥዕሉን ያየችውን ያህል አየችኝ።

«አላህ ለእናቷ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጣት» አለች። ከሻሏ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ገባች።

አላወቀቻትም። አልሐምዱሊላህ። ሻርፑን የምታስርላት እሷ ብትሆንም ስታስር ዓይኗን ትጨፍን ይሆናል። እንደዚያ መሆን አለበት።

ሴቶቹ ወንበር እያለ በግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቴአትሩ ስለ አንድ ስስታም ነጋዴ ነበር፤ ሰዉ ሊስቅ ሲል ሴቶቹን እያየ ይተወዋል። መጋረጃው ሲዘጋ እመት መስቱራ እጃቸውን ዘርግተው የፋቲሓ ዱዓ ጀመሩ። ነጋዴዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። መኮንኖቹ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ተነሥተው ቆሙ። ለሙዚቃ የተዘጋጀው አኮርዲዮን ተጫዋች መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስተኛው። ወይዘሮ አስቴር በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አየሁ።

ከዚያ ተጠራሁ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። እናቴ አማርኛ አታውቅም፤ የፈለግሁትን ብናገር አይገባትም። ስም ግን በሁሉም ቋንቋ ስም ነው። ዐብላ ካልኩ በሩ ላይ ያለችው ልጅ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ስለዚህ፣ «አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች» ብዬ ጀመርኩ። በየአንቀጹ ስሟ ያለበት ቦታ ስደርስ «ልጅቷ» እላለሁ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ። ሰዉ አጨበጨበ። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ አፌ እያየች ነበር።

ሐኪሙ እጄን ጨበጠኝ። ከተማው ድርሻውን ከበቂ በላይ አዋጥቷል፣ ማኅበሩም የራሱን ይልካል፣ ጥናቱ ይቀጥላል አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መምህር ጌታቸው ከመድረኩ ጀርባ አገኙኝ። «ስሟ የት ሄደ?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «ይሁን» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር።

ስሟ በዚህ ከተማ የሚጠራበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። እሱንም ዛሬ እኔው ዘጋሁት።

ጥር 22፣ እሑድ

ረፋድ ላይ ነቃሁ። እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

«ትናንት ብዙ ተናገርክ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሰዉ አጨበጨበልህ።»

«አዎ።»

«እኔ አማርኛህን አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ወሬ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እሱን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አጨበጨቡ።»

ልብሴን እንደለበስኩ ነበር የተኛሁት፤ ወረቀቱ ከኪሴ ግማሹ ወጥቷል። በጣቷ ጠቆመችው።

«አንብብልኝ።»

«አይገባሽም እኮ፣ አይ» አልኳት። እናታችንን አይ ብለን ነው የምንጠራት።

«አንተ አንብብ።»

ተነሥታ ወደ ግቢው ወጣችና አባቴን ጠራች። አባቴ ለድሬዳዋ መኪና የሚይዙትን ዘምቢል አንጠልጥለው መጡ። ገብተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዘምቢሉን አላስቀመጡትም። እናቴ ሄዳ ከእጃቸው ወሰደችው።

ቆምኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁት።

«ዐብላ ዐብዱራሕማን እህቴ ነበረች» ብዬ አነበብኩ።

እናቴ እጇን አነሣች። ማንበቤን አቋረጥኩ። አባቴ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እንደገና» አለች።

እንደገና አነበብኩት።